በየግድግዳው የተሰቀለው ሥዕል የማን እጅ ሥራ ነው?

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ለሥራ ጉዳይ ወደ ኢሉባቦር ሄጄ ነበር። መቱ በገባሁ በማግሥቱ ዝናቡ አላስወጣ ስላለኝ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ከምትገኝ አንዲት ቡና ቤት ገብቼ ተቀመጥሁ። ቤቲቱ ጠባብ ናት፤ ቡናው ግን የአገሩ ቡና ስለ ሆነ ስለ እርሱ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ከፊት ለፊቴ፣ ጢስ ባጠቆረው ግድግዳ ላይ፣ በመስተዋት የተከደነ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ተሰቅሏል። አንባቢም ሳያውቀው አይቀርም። ወጣት መልአክ ነው። ክንፉን ዘርግቶ፣ ሰማያዊ ጥሩር ለብሶ፣ ቀይ መጎናጸፊያው በነፋስ እየተውለበለበ፣ በቀኝ እጁ ሰይፍ መዝዞ በግራው የሰይጣኑን ሰንሰለት ይዞ፣ ራሱን በእግሩ ረግጦታል። ፊቱ ላይ ግን ቁጣ የሚባል ነገር የለም።

በጐኔ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠው ነበር። አንደኛው የዩኒቨርስቲ ተማሪ፣ ሁለተኛው በቅርቡ በአንድ መሥሪያ ቤት የተቀጠረ ጸሐፊ መሆናቸውን ከጨዋታቸው ተረዳሁ።

«ይህን ሥዕል የሣለው ማን ይመስላችኋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ተማሪው ሣቀ። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የታተመ ነው፤ ሠዓሊ የለውም» አለኝ። ጸሐፊው ትንሽ አሰበና «የጎንደር ሰው ሳይሆን አይቀርም» አለ። የቤቲቱ ባለቤት ጀበናዋን ከምድጃው ላይ እያነሣች «ሚካኤልን ማን ይሥለዋል? እርሱ ራሱ ነው እንጂ» አለች።

ከሦስቱ መልስ የእርስዋ ይሻላል፤ ሥዕሉን ዘወትር እያየች የመለሰች እርስዋ ብቻ ናትና። የተማሪው መልስ ግን እስከ ማታ ድረስ ሲከነክነኝ ዋለ። የታተመ ነገር ሁሉ ባለቤት የሌለው፣ ከመኪና ሆድ ብቻ የወጣ የሚመስለው ወጣት እርሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁና።

የዚያ ሥዕል ባለቤት ጊዶ ሬኒ ይባላል። በ1575 ቦሎኛ በምትባል የኢጣሊያ ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የሙዚቃ ሰው ስለ ነበረ ልጁም የእርሱን ሙያ እንዲወርስ ይመኝ ነበር። ልጁ ግን ገና በዘጠኝ ዓመቱ ግድም ካልቫርት ከሚባል የፍላንድር ተወላጅ ሠዓሊ ዘንድ ለትምህርት ገባ። ካደገ በኋላ ካርዲናሎችና መሳፍንት ሥራውን የሚሻሙበት ትልቅ ሰው ሆነ። የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል የሣለው በ1635 ግድም ነው። ያዘዘው ካርዲናል አንቶኒዮ ባርቤሪኒ የሚባለው የጳጳሱ ወንድም ሲሆን፣ ሥዕሉ የተሠራው በሐር ጨርቅ ላይ ነው፤ በሮም ከተማ በካፑቺን መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለ። ሥዕሉ ሮም በደረሰ ጊዜ ከተማው በወሬ ተናወጠ ይባላል። ሰይጣኑ ፊቱ የባርቤሪኒ ቤት ተቀናቃኝ የሆነውን የካርዲናል ፓምፊሊን ፊት ይመስላል ተባለ። ሠዓሊው አላደረግሁትም ብሎ ካደ። ፓምፊሊ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1644 ራሱ ጳጳስ ሆነ፤ የሰይጣኑ መልክ ግን እንደ ነበረ ቀረ። እንግዲህ በመቱ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ ተረግጦ የሚታየው ፊት የአንድ የሮማ ትልቅ ሰው ፊት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ወሬው እውነት ከሆነ!

ይህ የመላእክትን ፊት እንዲያ አሳምሮ የሚሥል ሰው ቁማርተኛ ነበር። ብዙ ገንዘብ ያገኛል፤ በአንድ ሌሊት ይበላበታል። ከዚያ ብድሩን ለመክፈል ሲል ሥዕሉን በችኮላ ይሠራል። በ1642 ሲሞትም ከዚያ ሁሉ ገቢ የተረፈው ነገር ጥቂት ነበር። ከሞተ በኋላ መቶ ሃምሳ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ስሙ ከታላቁ ከራፋኤል ጐን ይጠራ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን እንግሊዛዊውን ጆን ረስኪንን የመሳሰሉ ሐያስያን አጥብቀው ነቀፉት፤ ሥራው ከፋሽን እንደ ወጣ ልብስ ተቆጠረ። ሊቃውንቱ እንዲህ ሲፈርዱበት አታሚዎች ደግሞ ያንኑ ሚካኤል በወረቀት እያባዙ በዓለም ዙሪያ ይልኩት ነበር። አውሮፓ ፊቷን ባዞረችበት ጊዜ የኛ አገር ቤቶች ተቀበሉት፤ ማን እንደ ሆነ ግን የነገራቸው የለም።

እንዲህ ያለው ወረቀት ወደ ኢሉባቦር መቼና በማን እጅ እንደ ገባ መገመት አያስቸግርም። በ1902 በተደረገው ስምምነት እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ከተፈቀደላቸው በኋላ ከካርቱም በመርከብ ጋምቤላ የሚደርሰው ዕቃ በበቅሎ ጎሬ ይወጣ፣ የኢሉባቦር ቡናም በዚያው መንገድ ይወርድ ነበር። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ጎሬ ላይ ሱቅ ከፍተው ይነግዱ እንደ ነበረ ይታወቃል። ከጨውና ከአቡጀዲው መካከል የተጠቀለለ ሥዕልም መጥቶ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

ጊዶ ሬኒ ደግሞ ብቻውን አይደለም። በጎሬም በበደሌም በእንግድነት በገባሁባቸው ቤቶች ዓይኔን ወደ ግድግዳው ማንሣት ልማድ ሆኖብኝ ነበር። ሰማያዊ መጎናጸፊያ ደርባ፣ በነጭ ሻሽ ተሸፍና፣ እጆችዋን አጋጥማ ወደ ታች የምትመለከተውን እመቤታችንን ሁለት ቦታ አገኘሁ። ይህችን የሣለው በ1609 ተወልዶ በ1685 የሞተ ጆቫኒ ባቲስታ ሳልቪ የሚባል ሰው ነው፤ በትውልድ መንደሩ ስም ሳሶፌራቶ ብለው ይጠሩታል። እርሱ ይህንኑ ሥዕል ጥቂት ጥቂት እየለዋወጠ ደጋግሞ ስለ ሠራና አሣሣሉም የቀደሙትን ሰዎች ስለሚመስል፣ አንዳንድ አዋቂዎች ለብዙ ጊዜ የራፋኤል ዘመን ሰው ይመስላቸው ነበር፤ የመቶ ዓመት ስሕተት መሆኑ ነው።

በሌላ ቤት ደግሞ የተኛ ሕፃን ያቀፈች፣ ራስዋን በሻሽ የሸፈነች ልጃገረድ አየሁ። ባለቤቱ «እመቤታችን ናት» አሉኝ። አባባላቸው አያስወቅሳቸውም፤ ዓለም ሁሉ እንደዚያው ይላል። ሮቤርቶ ፈሩዚ የሚባለው ሠዓሊ በ1897 ሥዕሉን ሲሠራ ግን የተመለከተው አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ድኻ የገጠር ልጅ ታናሽ ወንድምዋን አቅፋ ነው። ሥዕሉ በዚያው ዓመት በቬኒስ ትርኢት ታየ፤ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በካርድ ተባዛ፤ ዋናው ሸራ ግን እጅ ከእጅ ሲተላለፍ ጠፋ። ልጅቱ አድጋ አገባች፤ ወደ አሜሪካ ተሰደደች፤ ብዙ ልጆች ወለደች፤ ባልዋም ሞተባት። ፊትዋ በስንት አገር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ ጎረቤቶችዋ ማን እንደ ሆነች አያውቁም ነበር። ይህን ለባለ ቤቱ ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ለወንድምዋ እንዲህ ካሰበች ምን ጐደላት?» አሉኝ። ሥዕሉን አላወረዱትም፤ እኔም እንዲያወርዱት አልፈለግሁም።

አሁን አንዳንድ አንባቢ «እኛ የራሳችን ሠዓልያን እያሉን የፈረንጅ ቁማርተኛ ታሪክ ምን ያደርግልናል?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አባቶቻችን ከውጭ የመጣውን ሥዕል እንዴት አድርገው ይቀበሉት እንደ ነበረ ካላወቅን የራሳችንንም ሠዓልያን አናውቃቸውም።

አንቶኒዮ ቴምፔስታ የሚባል ሰው ነበረ። በ1555 ፍሎረንስ ተወልዶ በ1630 ሮም ውስጥ ሞተ። በአውሮፓ ራሱ ከባለሙያ በቀር ስሙን የሚያነሣው ጥቂት ነው። አደንና ጦርነት መሣል ይወድ ነበር፤ ለኅትመት ብቻ ከሺሕ የሚበልጥ ሥዕል ሠርቷል። በ1590 እና 1591 ሮም ውስጥ የሜዲቺ ማተሚያ ቤት ወንጌልን በዐረብኛ ሲያትም ምስሎቹን እንዲነድፍ የታዘዘው እርሱ ነበር፤ ሊዮናርዶ ፓራሶሌ የሚባል የእጅ ባለሙያ ንድፉን በእንጨት ላይ ቀረጸው። መጽሐፉ የታሰበው ለምሥራቅ ክርስቲያኖች ነው። ከዚያም መጽሐፉ ጎንደር ደረሰ። በ17ኛው መቶ ዓመት በብራና የተጻፉ የጎንደር ወንጌሎች ሲገለጡ የቴምፔስታ ሰዎች በየገጹ ቆመው ይታያሉ። አንደኛው እጁን እንደዚያው ዘርግቷል፤ ሌላው እንደዚያው ተንበርክኳል፤ ጀልባዋም በዚያው በኩል አዘንብላለች።

ይሁን እንጂ የጎንደሩ ሰው የተቀበለውን እንዳለ አልገለበጠውም። የሮማው ሥዕል ጥቁርና ነጭ ነው፤ የእኛው ሰው ቀይና ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አለበሰው። ቴምፔስታ ከሰዎቹ ጀርባ ሕንፃና ተራራ እየደራረበ በጥላ ያርቀዋል፤ የእኛው ሰው ያን ሁሉ ጠርጎ ጥሎ ሰዎቹን ብቻ ወደ ፊት አመጣቸው። ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ወደ ተመልካቹ አዞረው፤ ክፉውን በአንድ ዓይን አስቀረው። ከዚህ በኋላ ሥዕሉ የቴምፔስታ ነው የሚል ሰው ቢኖር እኔ አልስማማም። ያ ባለ ብራና ሠዓሊ ከፊቱ የነበረውን ወረቀት በሚገባ ተመልክቶታል፤ የሚወስደውንና የሚተወውንም ራሱ መርጧል። እኛ ግን ገዝተን እንሰቅላለን፤ ከዚያ በኋላ ዓይናችን አያርፍበትም።

የጎንደሩ ሰው ማን ነበር? የብዙዎቹ ስም አልተጻፈም። ስለ ጊዶ ሬኒ ግን የአባቱን ሥራ፣ የመምህሩን ስም፣ በቁማር መበላቱን ሳይቀር ይኸው ከአራት መቶ ዓመት በኋላ መቱ ላይ ተቀምጠን እናወራለን። ይህን ማን ነገረን?

የነገረን ካርሎ ቼዛሬ ማልቫዚያ የሚባል የቦሎኛ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ቦሎኛ የጳጳሱ ግዛት የአንድ ክፍለ ሀገር ከተማ ነበረች፤ የገናናነቱ ስም የሮምና የፍሎረንስ ነበር። ጆርጆ ቫዛሪ በ1550 የሠዓልያንን ሕይወት የሚተርክ ዝነኛ መጽሐፉን ሲያወጣ፣ በ1568ም አስፍቶ ሲያሳትመው ያደላው ለፍሎረንስ ነው፤ የቦሎኛን ሰዎች በጥቂቱ ነካክቶ አለፋቸው። ቦሎኛዎች ይህን አልረሱም። ማልቫዚያ በሙያው ሠዓሊ አልነበረም፤ የሕግ አስተማሪና የካቴድራሉ ካህን ነበር። ነገር ግን ከሥራው በሚተርፈው ጊዜ በየሠዓሊው ቤት እየዞረ ደብዳቤ ሰበሰበ፤ የሒሳብ መዝገብ ገለበጠ፤ ሽማግሌ ጠየቀ፤ ሐሜትም ሳይቀር ጻፈ። ጊዶ ሬኒን ራሱን በወጣትነቱ ያውቀው ነበር። በ1678 ስለ ከተማው ሠዓልያን የጻፈውን መጽሐፍ በሁለት ክፍል አሳተመ። ለከተማው ያደላል፣ የተሳሳተውም አለ ብለው በኋላ የመጡ ሊቃውንት ወቅሰውታል፤ እየወቀሱትም ቢሆን ያለ እርሱ መጽሐፍ ሊሠሩ አልቻሉም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ኤሊዛቤታ ሲራኒ ስለምትባል ልጃገረድ የጻፈው ነው። አባትዋ የጊዶ ሬኒ ረዳት የነበረ ሠዓሊ ነው። እርስዋ በ1638 ተወለደች። ማልቫዚያ ልጅቱ ገና ብላቴና ሳለች ችሎታዋን አይቶ አባትዋ እንዲያስተምራት አጥብቆ መከረው። አባትዋ የእጁ መገጣጠሚያዎች በሪህ ሲታሠሩ የቤቱ ቀለብ በእርስዋ ትከሻ ላይ ወደቀ። በፍጥነት ትሠራለች፤ ከፍጥነትዋም የተነሣ «ይህን ሴት ልጅ ብቻዋን አልሣለችውም» የሚል ሐሜት ተነሣ። እርስዋ ክርክር አልገጠመችም። በርዋን ከፍታ እንግዶች በተቀመጡበት ፊት ለፊት መሣል ጀመረች። እኅቶችዋንና ሌሎች ሴቶችንም አስተማረች። በ1665 በሃያ ሰባት ዓመትዋ በድንገት ታማ ሞተች። የቤት ሠራተኛዋ መርዝ ሰጥታታለች ተብላ ተከሳ ነበር፤ ክሱ አልጸናም። ሬሳዋም ከጊዶ ሬኒ ጋር በአንድ መቃብር ተቀበረ።

በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጋ ሥዕል ሠርታለች። ይህ የሚታወቀው ከአሥራ ሰባት ዓመትዋ ጀምራ በዚህ ዓመት ለእገሌ ይህን ሣልሁ እያለች በደብተር ትመዘግብ ስለ ነበረ ነው። ከሞተች በኋላ ማልቫዚያ ያንን ዝርዝር ተቀብሎ በመጽሐፉ ውስጥ አተመው። አንዲት ልጃገረድ በገዛ እጅዋ የያዘችው ደብተርና አንድ የሕግ አስተማሪ ከመኝታው ቀንሶ የሠራው ሥራ ባይገናኙ ኖሮ፣ ዛሬ የእርስዋን ሥራ የአባትዋ ነው ወይም የጊዶ ነው እያልን ነበር።

ይህን ታሪክ ቡና ቤት ለተዋወቅሁት ለጸሐፊው ነገርሁት። እሑድ ዕለት «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» ብሎ ከመቱ ወጣ ብላ ወደምትገኝ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ወሰደኝ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ፤ እርሱ አልወደቀም። ካህኑ ከቅዳሴ በኋላ ፈቅደውልን ገባን። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከአቡጀዲ ጨርቅ የተሠሩ ሥዕሎች ተለጥፈዋል። የአገሩ ዝናብና እርጥበት ከታች ጀምሮ በልቷቸዋል፤ አንዳንዱ ልብሱ እንደ ተቀደደ ሰው ተንጠልጥሏል። የቀረው ግን ምን ያህል ያምራል!

ሚካኤል አለ። ሰይፉ፣ ሰንሰለቱ፣ የተረገጠው ራስ፣ ሁሉም የጊዶ ሬኒ ነው። ሠዓሊው የታተመውን ወረቀት እንዳየ አያጠራጥርም። ሆኖም መልአኩ ዓይኖቹን ወደ ሰው አቅንቶ ይመለከታል፤ የሰይጣኑ ዓይን አንድ ብቻ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ እመቤታችን ከልጅዋ ጋር ወደ ግብጽ ስትሰደድ ትታያለች። አህያይቱ የምትሄደው በአሸዋ ላይ አይደለም፤ ቀይ ፍሬ በያዙ የቡና ዛፎች መካከል ነው። ዮሴፍ አንዱን ቅርንጫፍ በእጁ ገለል አድርጎ መንገድ ይከፍታል። ቡናን ከሩቅ ያየ ሰው እንዲህ አይሥለውም፤ ከሥሩ ተቀምጦ የለቀመ ሰው እንጂ። የጎንደሩ ሰው በቴምፔስታ ላይ ያደረገውን ይህ ሰው በኢሉባቦር ጫካ ውስጥ አደረገው።

«ማን ሣለው?» አልሁ።

ካህኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከጎጃም የመጣ ሰው ነው ይላሉ። በራስ ተሰማ ዘመን ይሁን ከዚያ በኋላ እኔ አላውቅም። በእርጥበቱ ምክንያት አሁን ሊነሣ ነው፤ ምእመናን ገንዘብ አዋጥተው አዲስ የታተመ ከአዲስ አበባ አዝዘዋል።»

«ስሙስ?»

«ልጄ፣ ለእግዚአብሔር የሠራ ሰው ስሙ በሰማይ ተጽፏል። እዚህ መጻፉ ለውዳሴ ከንቱ ነው።»

የካህኑን ቃል አከብራለሁ። በዚያ እምነት ስማቸውን ሰውረው ያለፉ ብዙ ደጋግ ሰዎች እንዳሉም አውቃለሁ። ነገር ግን ስም መጻፍ ከፈረንጅ የመጣ ልማድ ነው ከተባለ እውነት አይደለም። ፍሬ ጽዮን የተባለው መነኩሴ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሣለው ታላቅ ሥዕለ ማርያም በጣና ደጋ እስጢፋኖስ ሲገኝ፣ የሠዓሊው ስም በላዩ ላይ ተጽፏል። የእርሱን ትሕትና የሚጠራጠር ሰው የለም። ከእርሱ በኋላ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የተባለ የቬኒስ ሰው በ1480ዎቹ ግድም ወደ አገራችን ገብቶ ከአርባ ዓመት ያላነሰ ተቀመጠ፤ ማርቆሬዎስ የሚል ስም ወጣለት፤ ቋንቋውን ለመደ፤ ሥራዎቹም በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ተገኝተዋል። የፖርቱጋሉ ካህን አልቫሬዝ በ1520ዎቹ አግኝቶት ሲጽፍ፣ ሠዓሊ ቢሆንም የተከበረ ትልቅ ጌታ ነው ብሎ መደነቁን ገልጧል። «ቢሆንም» የምትለዋን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ሠዓሊን ዝቅ አድርጎ ማየት የኛ አገር በሽታ ብቻ አልነበረም። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እንደሚተርከው ደግሞ ይኸው ብራንካሌዎን በአትሮንሰ ማርያም ሕፃኑን በእናቱ ግራ ክንድ ላይ አድርጎ በመሣሉ ግራ የውርደት ነው ተብሎ ትልቅ ሁከት ተነሥቶበት ነበር። ብራንካሌዎን በገዛ አገሩ በቬኒስ የሚያስታውሰው አልነበረም። ሥራዎቹ ላይ ስሙን ስለ ጻፈና ሊቃውንት በኋላ እየዞሩ ስለ ፈለጉት ብቻ ዛሬ ሰው ሆኖ ይታየናል።

እንግዲህ ለተማሪውና ለወጣቱ ሹም የምለው ይህን ነው። በየመሥሪያ ቤታችን የንብረት ቆጠራ ሲደረግ ወንበርና ጠረጴዛ ሁሉ ቁጥር ይለጠፍበታል፤ እግሩ የተሰበረው በርጩማ እንኳ መዝገብ ላይ አለ። መቱ፣ ጎሬ፣ በደሌ፣ ያዮ፣ ሁሩሙ ባሉ ከተሞች ማን ምን እንደ ሣለ የሚመዘግብ ግን አላየሁም። ማልቫዚያ የሠራው ሥራ የተለየ ማዕርግ አይጠይቅም። ደብተር፣ እርሳስ፣ ሽማግሌ ለመጠየቅ የማያፍር አፍ ይበቃል። ዛሬማ በኪስ ስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ይቻላል። የሥዕሉን ሥፍራ፣ ርዝመትና ስፋት፣ የተሠራበትን ነገር፣ ሠዓሊውን ማን እንዳስጠራውና ማን እንዳሳደረው መጠየቅ ነው። ሥራው በቤተ ክርስቲያን ብቻ አይወሰንም። በከተማው ዋና መንገድ የሱቅ ማስታወቂያ የሚሥለው ሰው፣ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ካርታ የነደፈው መምህር፣ የመስጊዱን በር የቀረጸው አናጢ ሁሉ ሰው ናቸው።

አዲስ አበባ ኮሚቴ እስኪያቋቁም የሚጠብቅ ቢኖር ብዙ ይጠብቃል። ቦሎኛም ሮምን አልጠበቀችም።

«ኮምፒዩተሩ ላይ ይገኛል» የሚሉኝም አሉ። ጊዶ ሬኒ ይገኛል፤ አንድ ካህን አስቀድሞ ጽፎታልና። ዮሴፍን በቡና ጫካ ውስጥ ያሳለፈውን ሰው ግን ማንም ስላልጻፈው የትኛውም መኪና ቢጠየቅ አያውቀውም። ያ ጨርቅ ከግድግዳው ተነሥቶ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ከገባ ምስጥ የቀረውን ይጨርሰዋል፤ በቦታውም የሚሰቀለው ያው የጊዶ ሬኒ ሚካኤል ነው፤ እርሱም ያለ ስሙ።

ከቤተ ክርስቲያኒቱ ከመውጣታችን በፊት ጸሐፊው የእያንዳንዱን ሥዕል ፎቶግራፍ አነሣ። ካህኑም ዝም ብለው ይመለከቱት ነበር። በሩን ቆልፈው ጃንጥላቸውን ከዘረጉ በኋላ አንድ ነገር ትዝ ያላቸው መስለው ቆሙ።

«ጎሬ አንዲት ባልቴት አሉ» አሉን። «ያ ሰው ሲሥል ያደረው በአባታቸው ቤት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ቀለም ሲበጠብጥ እንቁላል ያቀበሉት እርሳቸው ናቸው አሉ፤ ያን ጊዜ ሕፃን ነበሩ። ስሙን ሳያውቁት አይቀሩም። ጆሮአቸው ግን ደክሟል፤ ጮክ ብላችሁ ነው የምትጠይቋቸው።»

ጸሐፊው ወደ እኔ ዞረ። ከመቱ ጎሬ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪናም አይጠፋም። እኔ በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ነበረብኝ። እርሱ ግን ቅዳሜ ሥራ ስለሌለው ደብተር ይዞ እንደሚወጣ ነገረኝ፤ ያገኘውንም ሊጽፍልኝ ቃል ገብቷል። ደብዳቤውን እየጠበቅሁ ነው።